ክር ያዥ

ጋሽ ቱንቢ ኮረብታው አናት ላይ ወዳለው ጥንታዊ ምሽግ ሲወጡ፣ ሁለቱንም እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አላወጡም። ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው ያለ ቱንቢ አንዲት ድንጋይ አስቀምጠው ስለማያውቁ ነው። ክር ጫፍ ላይ በተንጠለጠለች ብረት የግድግዳን ቀጥ ማለት እየለኩ አርባ ዓመት ገንብተዋል። ከሦስት ወር ወዲህ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ይህን የሚያውቁት እሳቸውና ኪሳቸው ብቻ ናቸው። ሰኞ አዲስ የትምህርት ቤት ግንባታ ይጀምራሉ፤ ወሬው ከተሰማ "ጋሼ፣ ይረፉ" ተብለው ቤት መዋላቸው ነው። ቤት መዋልን ደግሞ ከሞት አስበልጠው ይፈራሉ።

"አባዬ፣ በረደህ እንዴ?" አለች ልጃቸው። ምሽጉ ውስጥ ባለው ሙዚየም ዕቃ መዝጋቢ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ "መጥተህ እይልኝ" ስትላቸው፣ "ግንብ አይቼ የማላውቅ ይመስል" እያሉ ሲያላግጡባት ኖረዋል። ዛሬ እሺ ያሏት፣ ያደራጀችው አዲስ ክፍል ነገ ለሕዝብ ስለሚከፈት ነው።

"ነፋሱ ነው" አሏት።

በሩን አልፈው ቀና ሲሉ ግን ፌዛቸው ጠፋ። ግድግዳው ሽቅብ ሄዶ ሄዶ አያልቅም። የድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ምላጭ አያስገባም። የመስኮቱ ጥልቀት አልጋ ያዘረጋል። ጋሽ ቱንቢ የሰው ሥራ በቀላሉ የሚጥማቸው ሰው አይደሉም፤ በሄዱበት ቤት ሁሉ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን፣ መጀመሪያ የሚያዩት የግድግዳውን እንከን ነው። እዚህ እንከን ፈልገው ፈልገው አጡ።

"የሰው እጅ ነው ይሄ?" አሉ ቀስ ብለው።

"የሰው ነው። ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል።"

አዲሱ ክፍል ድሮ የጦር መሣሪያ ማስቀመጫ ነበር። መሐሉ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ የነሐስ ዕቃ ተቀምጧል፤ ከላይ ክብ፣ ከታች ሾጠጥ ያለ፣ ዙሪያውን ቅጠል የተቀረጸበት። መግለጫው "የባላባት የአንገት ጌጥ" ይላል።

"ግድግዳው ሥር ከተቀበረ ሰው አጽም ላይ ነው የተገኘው፤ ደረቱ ላይ" አለች ልጅቷ። "ያጠኑት ባለሙያዎች ጌጥ ነው ብለዋል።"

ጋሽ ቱንቢ ጎንበስ አሉ። ቀዳዳዋ መሐል ለመሐል ናት። ጫፏ በሥራ ብዛት ተበልቷል። በማያውቁት አገር ዘመዳቸውን ድንገት ያገኙ ያህል ደነገጡ።

"ስንት ትመዝናለች?"

"ግማሽ ኪሎ ልትሞላ ነው።"

"ይህን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ባላባት ጎብጦ ነው የሞተው። ልጄ፣ ቱንቢ እኮ ናት።"

ሳቀች። "አንተ ደግሞ ማንኪያም ብታይ ቱንቢ ነው ትላለህ። እንዲህ ያጌጠ ቱንቢ የት አይተሃል?"

"ሥራውን የሚወድ ሰው መሣሪያውን አያስጌጥም?" የሟቹ ነገር አንገበገባቸው። "ይህን ሁሉ ያቆመ ሰው ተቆፍሮ ሲገኝ እንኳ ባላባት ትሉታላችሁ።"

ልጅቷ ሳቋን ተወች። "እሺ፣ አሳየኝ።" ጓንት አጥልቃ ሣጥኑን ከፈተች፤ በቀዳዳዋ ክር አስገብታ አሰረችና ጫፉን ዘረጋችላቸው።

ይህን አላሰቡትም ነበር። "ተዪው፣ ጌጥም ትሁን" ብለው መውጣት ይችላሉ፤ እጃቸውን ማንም ሳያይ ሰኞ ትደርሳለች። ግድግዳውን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ክሩን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው ያዙት። ቱንቢዋ ተወዛወዘች። ጠበቁ፤ አልቆመችም። ልጅቷ ቱንቢዋን አየች፤ ክሩን በዓይኗ ሽቅብ ተከትላ እጃቸው ላይ ደረሰች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሦስት ወር።" አፈሩ። በዚህ ዕድሜያቸው እንደ ሕፃን አፈሩ። "ያዢልኝ" አሉ።

በልጅነቷ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክር የምትይዝላቸው እሷ ነበረች። አሁንም ወንበር ላይ ወጣች፤ እንዳስተማሯት ክሩን ከድንጋዩ ሁለት ጣት አርቃ ያዘች። ቱንቢዋ ተወዛወዘች፣ ቀስ አለች፣ ዝም አለች። ጋሽ ቱንቢ ተንበርክከው ከታች በሁለት ጣታቸው ለኩ። ልክ ሁለት ጣት። ግድግዳው ሰባት መቶ ዓመት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። እንባቸው መጣ።

"ቆመ" አሉ። ድሮ ክሩን እንድትለቅ የሚነግሯት በዚህች ቃል ነበር። ዛሬ ግን ቶሎ አልለቀቀችም።

ወርዳ መግለጫውን አነሳች። "ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?"

"የግንበኛ ቱንቢ በይ።" እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሊመልሱ ብለው ተዉት። "ከሥሩ ደግሞ፣ ክር የሚይዝለት ሰው ነበረው በይ።"

"እሱ በምን ይታወቃል?"

"ይህን ብቻውን አላቆመውማ" አሉ። "እኔም ሰኞ፣ ክር የሚይዝልኝ ሰው ስጡኝ እላቸዋለሁ።"