የማሚት ሌሊት

«ለማሚት መርዶውን ማን ነገራት?»

ጋሽ ዓለምሰገድ የጫማቸውን ጭቃ እንኳ ሳያራግፉ ነው የጠየቁት። ማሚት ካለችበት ከማጂ መመለሳቸው ነበር፤ ዝናቡ መንገድ ላይ፣ ቱም ከተማ፣ ይዟቸው አድሯል። ከሀዘኑ ድንኳን አፍ ቆመው ዓይናቸውን ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ አሻገሩ። ንፍሮ የምታዞረው ጎረቤት ከውሰር እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ።

ሕዝቅያስ መልሱን ያውቀዋል። ከሟቹ አባቱ ከአስረስ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ መሬት መሬት አየ።

«ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ካህን ይዘን ደጇ ላይ ደረስን» አሉ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ዓለምሰገድ። «ጥቁር ለብሳ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ‹አሁን ገና መጣችሁ?› አለችን። ‹መኪናው ውስጥ ግቢ፣ ለቀብሩ ድረሺ› ብንላት በሯን ዘጋችብን። ያሳደገችው ወንድሟ ሳትቀብረው ተቀበረ። ያችን ሌሊት የቀማት ማን ነው?»

‹ያችን ሌሊት› ሲሉ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የማይገባው ሰው የለም። የአስረስ ነገር ናት። አስረስ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ በኖረባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት፣ በተለይ ዱሮ፣ በከተማው መስመሩ የማይጠፋ ስልክ የነበረው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከዲማ የወርቅ ጉድጓድ፣ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል፣ ከቤሩት የሚመጣ የሞት ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሱ ነው። መነጋገሪያውን ያስቀምጥና ቀጣዩን ደንበኛ «እንዴት ዋልክ» ይላል። የሟች እናት በዚያው ቀን መስኮቱ ጋ ብትቆም እንኳ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው አበባ አጫውቶ ይሸኛታል። «ይህችን አንዲት ሌሊት ትተኛ» ይላል፤ «ከዚህ በኋላ ያሉት ሌሊቶች ሌላ ናቸው።» ሲነጋ እሱ ከኪዳን ጸሎት፣ ጎረቤቱ ባለሱቁ ናስረዲን ከሱብሒ ሶላት ወጥተው መንገድ ላይ ይገናኛሉ። አብረው ሄደው ያንኳኳሉ። የክርስቲያን ቤት ከሆነ አስረስ ይናገራል፤ የሙስሊም ቤት ከሆነ ናስረዲን።

ታዲያ ከጊዜ በኋላ አስረስ በማለዳ በር ሲያንኳኳ ሰው መጮህ ጀመረ። እሱም መላ ፈጠረ። ትናንት የናስረዲን ሚስት ከውሰር ይህንኑ ለሴቶቹ ስታንሾካሹክ ሕዝቅያስ ሰምቷታል።

«ድምፁን ስሰማ ‹ወንድሜን!› ብዬ መሬት ላይ ተዘረጋሁ። ቀና ስል የሙዝ ዘለላ ታቅፎ ቆሟል። ‹ከውሰር፣ ተነሽ እንጂ፤ በማለዳ የሚመጣ ሁሉ መርዶ እንዳልሆነ እንድትለምዱ ነው› አይለኝም? ሙዙን ፊቱ ላይ ልወረውርበት ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ወረወርሽበት?»

«በላነው እንጂ።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ አንዷ ማልቀስ ጀመረች።

ሕዝቅያስ ግን ለዚህ ልማድ ክብር ኖሮት አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለእረፍት የመጣ ጊዜ አባቱን ተሟግቶታል።

«አባባ፣ ይሄ እኮ መዋሸት ነው። ሰው የራሱን ሀዘን የማወቅ መብት አለው።»

አስረስ ከመስታወት ፊት ክራቫቱን እያሰረ ነበር። «ማወቁንማ ያውቃል፤ ማን ይከለክለዋል? ሲያውቅ አጠገቡ ማን እንዳለ ነው እኔ የምመርጥለት።»

ከዚያ በኋላ ሕዝቅያስ ፖላንድ ሰባት ዓመት ተማረ። ከተመለሰ ዓመት ሆኖታል፤ አዲስ አበባ ሦስት መሥሪያ ቤት ቀያይሯል። ሚዛን ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ አክስቱ ጋ፣ ማጂ፣ አንድም ጊዜ አልሄደም። ዓርብ የአባቱን ሞት ሰምቶ ሲመጣ፣ ጅማ ምሳ ላይ አንድ ዘመድ ደውሎ «ለማሚት ሽማግሌዎች እየተዘጋጁ ነው፤ እስከዚያ እንዳትሰማ» አለው። ተናደደ። ስልኩን አወጣና ጻፈ፤ «እማማ፣ አስረስ ዛሬ ጠዋት አርፏል። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ይቀበራል።» ስሙን አልጻፈም፤ ቁጥሩን የምታውቅ መስሎታል። በዚህ ቤተሰብ ቢያንስ አንድ ሰው እውነቱን በጊዜው ይስማ ብሎ፣ ስልኩን ኪሱ ሲከት ኩራት ቢጤም ተሰምቶት ነበር። ማሚት ማንበብ እንደማትችል ትዝ እንኳ አላለውም።

«በስልክ የመጣላትን መልእክት ያነበበላት ማጂ ሱቅ ያለው የእህትህ ልጅ ፈሀድ ነው አሉ» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ ወደ ናስረዲን ዞረው።

ናስረዲን ከመቀመጫው ተነሣ። «አዎ። ወሬው ከእኔ ነው የሄደው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንተ? ከአስረስ ጋር ሃያ ዓመት በር ያንኳኳኸው?»

«እኔ።»

ጋሽ ዓለምሰገድ ፊታቸውን አዞሩበት። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ጋር መርዶ አትሄድም።»

ናስረዲን ራሱን ነቀነቀና ወጣ። ከውሰር ባሏን እንደማታውቀው ሰው አየችው። ሕዝቅያስ በመጨረሻ ሲነሣም ወደ ሰዎቹ ሳይሆን በጓሮ በኩል ነው የወጣው። ናስረዲን አስረስ የተከላቸው የሙዝ ተክሎች መሃል ቆሟል።

«ጋሼ፣ ለምን ዋሸህ?»

«ፈሀድ የላኪውን ቁጥር ልኮልኛል። ያንተን ቁጥር እኔ አጣዋለሁ?»

«ታዲያ ለምን?»

«ሀዘንተኛ ላይ ጥፋት አይጫንም። አባትህም ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር» አለ ናስረዲን። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስልኳ ሲጮህ ከአስረስ የመጣ መስሏት እየሳቀች ነው ሱቅ የገባችው። ‹የወንድሜ ነው፣ አንብብልኝ› አለችው። ገበያተኛ ሞልቶ ነበር፤ ልጁ ሳያስብ ጮክ ብሎ አነበበው። አላመነችም። መልስ አስጽፋ ሱቁ እስኪዘጋ ቆማ ጠበቀች።»

«ምን መልስ?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

ሕዝቅያስ ስልኩን አወጣ። ከዓርብ ጀምሮ የገቡትን የማጽናኛ መልእክቶች አንድም አልከፈተም። ወደ ታች ወረደ፤ ከሁሉም ሥር አገኘው።

‹ማን ነህ? አስረስ ራሱ ይደውልልኝ።›

ተመልሶ ድንኳን ገባ። ናስረዲን ክንዱን ሊይዘው ሞክሮ ነበር።

«የላክሁት እኔ ነኝ» አለ። «በስልክ፣ ጽፌ። ጋሼ ናስረዲን ሊሸፍነኝ ነው።»

የተቆጣው አልነበረም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ሰው ሁሉ ዓይኑን ሰበረለት። ከውሰር ንፍሮውን አስቀምጣ ውሃ አቀበለችው፤ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ።

«መልሳለች?» አሉ ጋሽ ዓለምሰገድ።

«ዓርብ ዕለት። አሁን ነው ያየሁት።»

ሽማግሌው ጭቃ የያዘ ጫማቸውን መልሰው አሰሩ። «ማሚት ደጅ በማለዳ ለመድረስ አሁን መነሣት ያስፈልጋል። በሩን ትክፈት አትክፈት ግን እኔ አላውቅም።» ከዚያ ወደ ደጁ ተጣሩ። «ናስረዲን! አንተም ና። ያለ አንተ ማንኳኳት አናውቅበትም።»

ሕዝቅያስ ጓሮ ዞሮ ከአባቱ ተክል አንድ ዘለላ ቆረጠ። ሙዙ ገና አልበሰለም።

መኪናው ሲነሣ ዘለላውን ጭኑ ላይ አድርጎ መልእክቱን እንደገና ከፈተ። አውራ ጣቱ ፊደሎቹ ላይ ቆየ። አንድም ቃል አልጻፈም። ስልኩን አጥፍቶ ለናስረዲን ሰጠውና፣ መንገዱ ሲያንገጫግጭ እንዳይቀጠቀጥበት፣ ሙዙን በሁለት እጁ ታቀፈው።