ሰው ሲኖር የማይሰማ ድምፅ

በጋራዦቹ ሰፈር በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ጆሮ» ነው የሚሉት። ሞተር ሳይክል ከመንገዱ ማዶ ሲያልፍ አንገቱን እንኳ ሳያዞር «የዚያ ሰውዬ የኋላ ኩሽኔታ አልቆለታል» ይላል፤ ሲፈታም እውነትም አልቆለት ይገኛል። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው የገዛ ሞተሩ በሽታ ሲጠፋበት ምን ይባላል? ሰፈሩ ብዙ አልተቸገረም፤ «አረጀ» አለና ተገላገለ።

ሞተሩም ቢሆን ከእሱ አይሻልም። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ቆጥሮ ቆጥሮ ዜሮ ከገባ በኋላ እንደገና ሀ ብሎ ጀምሯል። ነገር ግን የእርጅና ድምፅ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ ይሄኛው ሚስቱ ከሞተች በኋላ ዱብ ያለ ነው። ጠዋት ብቻውን ወደ ሥራ ሲሄድ የነዳጅ መስጫውን ለቀቅ ባደረገ ቁጥር ከሥሩ «ቋ፣ ቋ፣ ቋ» ይላል። ከኋላው መዶሻ የያዘ ሰው የተቀመጠ ይመስለው ነበር።

ያልፈተሸው ነገር የለም። ሞተሩን በመቆሚያው አቁሞ፣ የኋላ ጎማውን አየር ላይ እያሽከረከረ፣ የካቻቪቴውን ጫፍ በየብረቱ ላይ አሳርፎ እጀታውን ከጆሮው ኋላ ካለው አጥንት ጋር አጣብቆ አዳመጠ። ካምቢዮው ደህና ነው። ፍሪሲዮኑም ደህና ነው። ሰንሰለቱን ከነጥርሶቹ ለወጠ፣ ኩሽኔታዎቹን ለወጠ፣ በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ያሉትን ማለዘቢያ ላስቲኮች እንኳ አውጥቶ አዲስ አስገባ። በማግስቱ ጠዋት ድምፁ እንደ ደመወዝተኛ ሰዓቱን አክብሮ መጣ።

በመጨረሻ የሰው ጆሮ ለመዋስ ወሰነ። ጎረቤቱን ጎሚስታውን ከኋላ አፈናጦ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ጭጭ። ጎሚስታው ሲወርድ ትከሻውን ቸብ አድርጎ ትንሽ እንቅልፍ እንዲተኛ መከረው። ሌላ ቀን መለዋወጫ ሻጩን አፈናጠጠ፤ አሁንም ጭጭ። ሻጩ ደግሞ ሆዱ ወሬ አይችልም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ጆሮ» የሌለ ድምፅ መስማት እንደ ጀመረ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። የድሮ ደንበኞቹ ሰላምታቸውን ሳያጓድሉ ሞተራቸውን ወደ ሌላ ጋራዥ ማስገባት ጀመሩ።

ወሬው ከከተማው ማዶ የምትኖረው አንድያ ልጁ ጋ ደረሰ። እሷም መጥታ ያሰበችውን ሳትሸሽግ ነገረችው፦ ሞተሩ ይሸጥ፣ ጋራዡ ይዘጋ፣ እሱም እሷ ቤት ይግባ፤ ክፍል አዘጋጅታለታለች። በፍቅር ነው ያለችው፤ እሱ ግን በሰው ሳሎን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ምሳ ደረሰ እስኪባል የሚጠብቅ ሽማግሌ ታየው። ጋራዡ ጥግ ላይ የሚስቱ የስፌት መኪና አለ። የሞተር ወንበር ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው መጥተው አብረው የሚመለሱት ለዚህ ነበር። ያን መኪና ማን ያነሳዋል? ተናደደና አፉ አመለጠው።

«አንቺው ራስሽ ነይና እንሂድ። ድምፁን ካልሰማሽ እሸጠዋለሁ።»

እሑድ ከኋላው ተፈናጠጠች። እስከ ድልድዩ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ዳገቱን ወጡ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። ነዳጁን ሰጠ፣ ለቀቀ፣ ሰጠ፣ ለቀቀ። ሞተሩ እንደ አዲስ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ልጁ ወገቡን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ከምትናገረው ሁሉ ይሄ አያያዟ ባሰበት። ጋራዡ በር ላይ አወረዳትና ፊቱን እንዳታየው ብሎ ብቻውን እስከ መንገዱ ጫፍ ነዳ።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ዞሮ ሲመለስ ልጁ በሩ ላይ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

«ሰማሁት» አለች። «አባዬ፣ ሰማሁት እኮ!»

እሱ ግን ለመደሰት ጊዜ አላገኘም። ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና የኋላው ወንበር ላይ እንድትቀመጥ አደረጋት፤ እሱ ራሱ በአንድ እጁ የፊቱን ወንበር በሙሉ ክብደቱ ተጭኖ በሌላው ሰንሰለቱን ከሥር ገፋ። ሁለት ጣት ያህል ተወዛወዘ፤ ልክ ነው። ውረጂ አላት። እሷ ስትወርድ የሞተሩ ጀርባ ቀና አለ፣ ሰንሰለቱም እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረገበ።

ሰንሰለት በወጠረ ቁጥር ሚስቱን ከስፌቷ ይጠራት ነበር። ክሩን በጥርሷ እንደ ነከሰች እያጉረመረመች መጥታ ትቀመጣለች፣ እሱ ይለካል፣ ተመልሳ ትሄዳለች። የኋላውን ሞላ ለሁለት ሰው አጥብቆታል፣ ሰንሰለቱን ለሁለት ሰው አላልቶታል። እሷ ከሞተች በኋላ አዲሱን ሰንሰለት ሲያስገባም እጁ የለመደውን ያህል አላላው። ለምስክርነት ያመጣቸው ሁሉ ደግሞ የእሷ ቦታ ላይ እየተቀመጡ ድምፁን አጠፉበት። የሰው ሞተር ሲሆን ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት «ብቻህን ነው የምትነዳው ወይስ ሰው ታፈናጥጣለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ራሱን ግን አልጠየቀም።

ልጁ ምንነቱን ስትጠይቀው በአጭሩ መለሰላት።

«ለእናትሽ ነው የላላው።»

ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሽያጩ ቀርቷል፣ ከእንግዲህ ስለ እሱ የሚያነሳ የለም፤ ሁለቱም ግን ያንን ረስተውታል። ቆይታ፣ እንዳለ ይሁን፣ አትንካው፣ እያለች ለመነችው። አይሆንም አላት። የላላ ሰንሰለት ጥርሱን ዘልሎ ጎማውን ሊቆልፍ፣ ነጂውን ሊወረውር ይችላል፤ ይህን ለሌላው ሰው እየተናገረ አርጅቶ ራሱ ሊነዳው አይችልም። ቁልፉን አነሳ። የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ስቦ ሰንሰለቱን ወጠረ፣ ሞላውንም አላላ። ቡሎኑን ሲያጠብቅ እንባው መጣ፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ ልጁ ፊት ሲያለቅስ የመጀመሪያው ነበር። አልደበቃትም። እሷም ዝም በል አላለችውም።

ሲመሻሽ ልጁ እንደ ወትሮው ታክሲ መያዣው ድረስ እንዲያደርሳት ቦርሳዋን አንግታ እግሯን ልታነሳ ስትል ክንዷን ያዘ።

«ተይ የኔ ልጅ» አላት፤ «ለአንድ ሰው ነው ያጠበቅሁት።»

በእግራቸው ሄደው ታክሲ አሳፈራትና ተመልሶ ሞተሩን አስነሳ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ነዳጁን ለቀቀ። ሰጥቶ እንደገና ለቀቀ። ቤቱ እስኪደርስ ደጋግሞ ሞከረው፤ ሞተሩ ምንም አላለም።