መድኃኒት የሌለው መርፌ

ሸኩር አመመኝ አላለም። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው፤ ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ "አልሐምዱሊላህ" ይልና ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። የቡና መፈልፈያውን ሞተር ሲያስነሳ የኖረ ሰው እሱ ራሱ አልነሳ አለ።

ሚስቱ ዘይቡ የፈራችው በሽታውን አልነበረም። የፈራችው ጓድ ነጋሳን ነው። ነጋሳ የመፈልፈያው ካድሬ ሲሆን ከአፉ የማይጠፋ አንድ ቃል ነበረው፤ ተነሳሽነት። ቡናው በደንብ ሳይደርቅ ቢመጣ ተነሳሽነት ጎድሎ ነው፤ የመኪናው ጎማ ቢተነፍስም ተነሳሽነት ጎድሎ ነው። አንድ ቀን እቤቷ ድረስ መጣ። ተቀመጥ ብትለው እንቢ ብሎ እደጃፉ ላይ እንደቆመ ተናገራት።

"ጓድ ዘይቡ፣ ያልተፈለፈለው ጀንፈል ቡና ተከምሮ ሞተሩ ቆሟል። ባለቤትዎ ከታመመ ሐኪም ይየው። ካልታመመ ግን ይሄ አሻጥር ነው። እስከ ሰኞ እጠብቃለሁ።"

እንዲህ ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወጥቶ ይቀራል። ለዘይቡ ይህን ማንም አልነገራትም፤ በገዛ ልጇ ደርሶባታል። አንድ ልጇን፣ አብዱልሰመድን፣ ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤት ወሰዱት፤ ጥቂት ቆይቶ ተገደለ ተባለ። አስከሬኑን የሰጣቸው የለም። ለፀረ አብዮተኛ ያለቀሰም ፀረ አብዮተኛ ነው ተብሎ ተነገራቸው። የለቅሶ ሰሌን አልተነጠፈም፣ ጎረቤት አልተቀመጠም። ሸኩርን "አባ ሰመድ" እያለ ይጠራው የነበረው ሰፈር ሁሉ በአንድ ጊዜ "ሸኩር" ማለት ጀመረ። ዘይቡ የምታለቅሰው ሽንኩርት ስትከትፍ ብቻ ነው። የዚያን ዓመት ወጧ ሁሉ ሽንኩርት በዛበት። ሸኩር ግን ወንድ ነውና ሽንኩርት አይከትፍም።

"ሆስፒታል ያለው ቻይና ሐኪም ይየው እንጂ! እኔን ወገቤን ያቃናኝ እሱ አይደል?" አለቻት ጎረቤቷ ሐጂራ።

ዘይቡ ባሏን ደግፋ በጋሪ ወደ ሆስፒታል ወሰደችው። መንገዱን ሙሉ የሚያያቸው ሰው ሁሉ የነጋሳ ጆሮ መሰላት። ቻይናው ሐኪም አጭር፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነው። የምታስተረጉምለት ልያ የምትባል የሆሳዕና ነርስ ነበረች። ሐኪሙ የሸኩርን ምላስ አየ፤ የሁለቱንም እጆቹን የደም ሥር እየተጫነ ረጅም ጊዜ አዳመጠ።

"ያመቀው ሐዘን አለ ወይ ይላል" አለች ልያ።

ዘይቡ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። "ኧረ የለም! ምን ሐዘን አለ? ደኅና ነን" አለች ቶሎ ብላ።

ልያ ዓይኗን ሰበር አድርጋ ተረጎመች። ሐኪሙ ፀጉር የሚያክሉ ቀጫጭን መርፌዎች አውጥቶ እግሩ ላይ፣ አውራ ጣቱ ሥር፣ አናቱ ላይ ሳይቀር ሰካለት። ዘይቡ መድኃኒቱ መቼ እንደሚጨመር ብትጠብቅ ብትጠብቅ የለም። የድሃ አገር ሰው ነው፣ መድኃኒቱ አልቆበት በባዶው ይሆናል የሚወጋው ብላ አዘነችለት። ቀጥሎ የደረቀ ቅጠል ለኩሶ ጭሱን ወደ ጉልበቱ አስጠጋ፤ ክፍሉ እንደ ጭቁኝ ቅጠል ሸተተ።

"ነገም ከነገ ወዲያም አምጪው" አለች ልያ ሲወጡ። "ሲነሳ መጀመሪያ የፈለገውን ነገር እንዳትከለክዪው ይላል።"

ዘይቡ ይህን እንደ ምግብ ነው የተረዳችው። ያልነበራትን ብር ተበድራ ሥጋ ገዛች፤ ማርም ደጅ ጠንታ አገኘች። ምን ይፈልግ ይሆን እያለች አፍ አፉን ታይ ጀመር። በሁለተኛው ቀን ከመርፌው ሲመለስ ውኃ ስጪኝ አላት። በሦስተኛው ከቤት ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ። እሑድ ዕለት መስተዋት ይዞ ጢሙን ተላጨ። ዘይቡ ጓዳ ገብታ አላህን አመሰገነች፤ ያም ሆኖ ጆሮዋ ደጁ ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሸኩር ታጥቦ፣ ሰግዶ፣ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ።

"ምን ልስጥህ? ሥጋ አለ፣ ማር አለ። ምን አማረህ?"

"ስመለስ" አለና ወጣ።

ነጭ ሸሚዝ ለሞተር ሥራ አይለበስም። ይህ የታያት እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ነጠላዋን አንጠልጥላ ተከተለችው። መንገዱ የሚከፈልበት ጋ ስትደርስ መፈልፈያው በስተቀኝ ነው፤ ሸኩር ወደ ግራ ታጠፈ። እርምጃዋን አፈጠነች።

የገባው የእድሩ ዳኛ አባቦራ ግቢ ነበር። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ የሙስበሐ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

"አባቦራ፣ ሰሌኑን ይስጡኝ።"

"ምነው? ማን ሞተ?"

"ልጄ።"

ሙስበሐው ቆመ። "ሸኩር ልጄ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ አታስጨርሰን። አላህ ያውቀዋል፣ በሆድህ ያዘው።"

"በሆዴማ ያዝኩት። ዓመት ሙሉ በሆዴ ያዝኩት፤ አልጋ ላይ የጣለኝ እሱ ነው። ዕቃ ቤቱን ይክፈቱልኝና እኔ ላንሳ። ማን ሰጠህ ቢሉኝ ሰረቅኩ እላለሁ።"

ሽማግሌው ተነስተው ቁልፉን ከፈቱና ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ሸኩር ሰሌኑን ተሸከመ። ዘይቡ በመንገዱ ሁሉ እጁን ትጎትታለች፤ "ወላሂ ይወስዱሃል! ሞተሩን ብቻ አስነሳና ተመለስ፣ ከዚያ ያሰኘህን ሁን" ትለዋለች። ያ ቻይና አበጀው ወይስ ገደለው? አልጋው ላይ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ በሽተኛ ነው ብላ ትለምንለት ነበር። አሁን ቆሞ ለሚሄድ ሰው ምን ብላ ትለምናለች?

ሸኩር ሰሌኑን ደጃፉ ላይ አነጠፈና ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ። የሚያልፈው ሰው እያየ እንዳላየ ሆነ። ሐጂራ በሯን ገርበብ አድርጋ ዘጋች። የመፈልፈያው ደወል ተደወለ። ብዙም ሳይቆይ ነጋሳ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ።

"ጓድ ሸኩር፣ ድነሃል ሲሉ ሰማሁ። ምንድነው ይሄ?"

"ልጄ ሞቷል። ሐዘን ተቀምጫለሁ። ሦስቱ ቀን ሲያልቅ መጥቼ ሞተሩን አስነሳለሁ።"

ነጋሳ ዙሪያውን ቃኘ፤ ከዚያ ወደ ዘይቡ ዞረ። "ሰውየው ምን ሆኗል?"

መልሱ አፏ ላይ ነበር። አብዷል፣ በመርፌ ወግተው አእምሮውን ነክተውብኝ ነው፣ የሚለውን አያውቅም። ይህን ካለች ይተዉላት ይሆናል። አየር ሳበችና አፏን ከፈተች።

"ሰመዴ!" የሚል ጩኸት ወጣ። የራሷ ድምፅ መሆኑን ያወቀችው ደረቷን ስትመታ ነው። "ሰመዴ ልጄ! አባ ሰመድ፣ ልጃችንን! ልጃችንን በሉብን!" እያለች ሰሌኑ ላይ ወደቀች። ሽንኩርት የለ፣ ቢላ የለ፣ ሰፈር እየሰማ አለቀሰች።

የሐጂራ በር ተከፈተ። ሐጂራ ሻሿን ወገቧ ላይ አስራ፣ በጥበቃዎቹ መካከል አልፋ፣ ዘይቡ አጠገብ ተቀመጠች። ቀጥለው አባቦራ ሁለተኛውን ሰሌን በብብታቸው ይዘው መጡ። ነጋሳ ለጥበቃዎቹ አንድ ነገር በጆሯቸው ነግሯቸው በመጡበት ተመለሱ።

ነጋሳ ከማን ጋር እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። ሸኩር ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አልነቀለም። ዓመት ሙሉ ያንን መንገድ በፍርሃት ስትጠብቅ የኖረችው ዘይቡ ግን የዚያን ቀን ቀና ብላም አላየችው፤ ልጇን ታለቅስ ነበር።