መቀስ የከበዳት ልጅ

ቲቸር አፀደ ገርጂ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ልጆችን ሥዕልና የእጅ ሥራ ታስተምራለች። ክፍሏ ውስጥ መቀስ ከተነሳ የሁሉም ዓይን ሉዋም ላይ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው። ወረቀት አጥፋ ስትቆርጥ የቢራቢሮው ክንፎች እኩል ሆነው ይወጣሉ፤ የሌሎቹ ወይ ይቀደዳል ወይ አንገቱ ይበጠሳል። እረፍት ላይ ሳይቀር "ቁረጪልኝ" እያሉ ይከቧታል።

ከገና በኋላ አፀደ ልጅቷ መቀሱን በሁለት እጇ ይዛ ስትታገል አየች። መቀሱ የደነዘ መስሏት ቀየረችላት። በሌላ ቀን ደግሞ ጭቃ ሲያድቦለብሉ የሉዋም ጭቃ እንደተሰጣት ቀረ። ምን እንደሆነች ስትጠይቃት ደርቋል አለች። አልደረቀም ነበር፤ አጠገቧ የምትቀመጠው እንቁ ከዚያው ላይ ቆርሳ ድመት እየሠራች ነበር።

አፀደ እናትየውን አስጠራች። ሃረገወይን ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ አስፈቅዳ፣ የሥራ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። የተነገራትን ሰማች። ቤትም ውስጥ ልጅቷ ሹራቧን ራሷ መቆለፍ ከተወች ቆይታለች አለች። እናትየው የመሞላቀቅ መስሏት ተቆጥታት ነበር።

እናትና ልጅ ከአንዱ ሐኪም ቤት ወደ ሌላው ተመላለሱ። በመጨረሻ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያደክም፣ በዘር የሚመጣ በሽታ እንደሆነ ተነገራቸው። የሚያቆመው መድኃኒት የለም። ሐኪሙ እጇን አታድክሙት ማለቱን ሃረገወይን ራሷ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ለአፀደ ነገረቻት። ከዚያ ግን ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"ቲቸር፣ ከሁላችን በፊት ያዩት እርስዎ ነዎት። እጇ በሥራ ይበረታ እንደሆነ እስቲ ያለማምዱልኝ።"

አፀደ እንደማይበረታ እያወቀች እሺ አለች።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረችው የለም። ጭቃውን በሞቀ ውሃ አለሰለሰችው። ሉዋም ብቻዋን እንዳትታይ ብላ መቀሶቹን በሙሉ ሰብስባ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችና ሁሉም ወረቀት በእጁ እየቀደደ እንዲለጥፍ አደረገች። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ ሉዋምም ለጊዜው እኩል ቀደደች። ኋላ ግን ወረቀቱም ከጣቶቿ መሐል ያመልጣት ጀመር። ልጆቹም መቀሳችንን አምጪ እያሉ ሲያስቸግሯት አፀደ ቁም ሳጥኑን ከፈተች።

የዚያን ዕለት ሉዋም በደብዛዛ መስመር ዓሣ ሣለችና ወረቀቱን ወደ እንቁ ገፋ አደረገችው።

"ቁረጪልኝ" አለቻት።

እንቁ ምላሷን አውጥታ፣ ተጠንቅቃ ቆረጠች። ጅራቱ ጋ ስትደርስ መቀሱ ሾለከና ጅራቱ ተለይቶ ወደቀ። እንቁ ደነገጠች፤ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ሉዋም ወረቀቱን አየችው።

"ይሁን" አለች። ቀና ብላም አፀደን ጠየቀቻት። "ቲቸር፣ እኔ መቼ ነው እንደ ድሮው የምቆርጠው?"

አፀደ አጠገባቸው ተንበረከከች። ጅራቱን ከወለሉ አንስታ ሙጫ ቀባችውና ከዓሣው ጋር አጣበቀችው። ሉዋም ግን መልሷን እየጠበቀች አሁንም ታያት ነበር።