የቀጭኗ ልጅ ደም

አናጢው ታላቅ ወንድሙን ቀብሮ ወደ ሥራው ቢመለስም እጁ መጋዝ አልጨብጥ አለው። አባታቸው በደህና ቀን ከወንበራቸው ተነስተው ወድቀው ሲቀሩ፣ ዘመድ አዝማዱ «ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው» ብሎ አልፎት ነበር። ወንድምየው ገና በጉልምስናው ደረቱን ይዞ ሲወድቅ ግን ነገሩ የአናጢውን ሚስት አላማራትም። ባሏን እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

በባዶ ሆዱ ደም ሰጠ። ሐኪሟ ውጤቱን ካየች በኋላ ዓይኑን ትኩር ብላ ተመለከተችና፣ በዓይኑ ቆብ ላይ ያለው ቢጫ እብጠት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችው። የአባቴ መልክ ነው፣ ወንድሜም ነበረው አላት። እሷም ቅባት መሆኑን ነገረችው። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በደሙ ውስጥ ከልክ አልፏል፤ ይሄን ያህል ደግሞ ከምግብ አይመጣም፣ በዘር የወረደ ነው። መድኃኒት አዘዘችለትና ልጅ እንዳለው ጠየቀችው።

«አንዲት አለችኝ» አለ ፈገግ ብሎ። «እሷስ ሯጭ ናት። በሻማ ቢፈለግ ስብ አይገኝባትም።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ይዘዋት ይምጡ» አለችው።

ልጅቷ ደም ስትሰጥ ያሳሰባት ልምምዷ እንዳያልፋት ብቻ ነበር። ውጤቷ ከአባቷም ባሰ። ሐኪሟ በልጅነቷ መታወቁ ደግ መሆኑን፣ መድኃኒትም እንዳለው፣ ልቧ እስኪመረመር ግን ሩጫውን እንድታቆም ተናገረች። እናት እንባዋን እየዋጠች ትሰማለች። አናጢው ከ«ባሰ» ወዲያ የተባለው አንዱም ጆሮው አልገባም።

ቤት እንደገቡ ሚስቱ፣ አውቀህ ያደረግከው ነገር የለም እያለች ልታጽናናው ሞከረች።

«ቤት አላወረስኳት፣ መሬት አላወረስኳት» አላት። «ከኔ የደረሳት ይሄ ነው።»

ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። የመሮጫ ልብሷን አውልቃለች። አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እኔም እንደ አጎቴ ነው የምሆነው?»

አይደለም ሊላት አፉን ከፈተ። ወንድሙም በሕይወት ሳለ «እኔም እንደ አባታችን ነው የምሆነው?» ብሎ ጠይቆት፣ እሱ «አንተ ደግሞ፣ በሬ የሚያህል ሰው» ብሎ ስቆበት ነበር።

«መድኃኒትሽን ዋጪ» አላት፣ ወለሉን እያየ።

እንክብሉን በውኃ ዋጠችና ቀና እስኪል ጠበቀችው። ቀና አላለም። በመጨረሻ ገብታ በሯን ዘጋች። ሚስቱ ራት ቀርቧል ብላ ሁለት ጊዜ ጠራችው፤ ከዚያ መጥራቱን ተወችው።