የምንዋጋው ኩሽኔታ

ዘበነ እስኪመጣ ድረስ ሰቆጣ ውስጥ መካኒክ ማለት ምንዋጋው ነበር። ዘበነ በደርግ ጊዜ ለመንግሥት መኪናዎች ተመድቦ ከደሴ የመጣ ጎረምሳ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ የነጋዴ መኪና ይሠራል። የፈታውን ሁሉ በቤንዚን አጥቦ ነጭ ጨርቅ ላይ ይደረድራል፤ ያረጀውን አውጥቶ ይጥላል። ሰውም ቆሞ ያየዋል። የምንዋጋውን አንጀት የሚያሳርረው ይኸው ቆሞ ማየት ነው። ብሎን ሲታጠብ ማየት ምን የሚሉት ትርኢት ነው?

ምንዋጋው ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ ጥሎ አያውቅም። ከመኪና የወጣ ብረት ሁሉ ከነግራሶው፣ ከነጥቀርሻው አልጋው ሥር ይገባል። እድፍ ብረትን ከዝገት ይጠብቃል ባይ ነው። የነጋዴውን የኢድሪስን አሮጌ ላንድሮቨር ከአባትየው ከሐጂ ዓብዱልቃድር ጊዜ ጀምሮ ያቆያት በዚሁ በአልጋ ሥር ዕቃ ነው።

ዘንድሮ ኢድሪስ ያቺን መኪና ለዘበነ ሰጣት። ምንዋጋው የሰማ ዕለት እህል አልቀመሰም። ታጥባ በደጁ ስታልፍ ሲያያት፣ ቀለሟ እንዲህ ነበር እንዴ ብሎ ራሱን ጠየቀና ይበልጥ ተናደደ። እንድትመለስለት ያላሰበው ነገር አልነበረም።

ቀኑ መጣለት። የፊት ጎማዋ ኩሽኔታ ተሰበረ። መንገዱ በጦርነቱ ተዘግቶ ከደሴ ዕቃ አይመጣም። ኢድሪስ ምንዋጋው ቤት መጣ።

"አያ ምንዋጋው፣ እርስዎ ዘንድ አይጠፋም ብዬ ነው።"

"አይጠፋም። ነገ ጠዋት እዚያው ዘበነ ዘንድ ይዤልህ እመጣለሁ።"

ኩሽኔታው ነበረው፤ ግራሶ ተቀብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ደህና ዕቃ። እንዳለ ቢሰጠው ኖሮ ነገሩ ባለቀ። ግን ያንን ጥቁር ጥቅል የዘበነ ነጭ ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ ሞት ሆነበት። አንድ ጊዜ እንኳ የእሱም ዕቃ እንዲያበራ ፈለገ። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ኩፖን ደግሞ የለውም። ስለዚህ ሚስቱ ይታየሽ ድስት የምትፈትግበትን አሸዋና አመድ አንሥቶ ጓሮ ተቀመጠ።

"አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?" አለችው።

እያሽከረከረ ፈተገ፣ በሙቅ ውኃ አለቀለቀ፣ ደግሞ ፈተገ። ኩሽኔታው እንደ ብር ነጣ።

ጠዋት ሰው ቆሞ ሳለ ነጩ ጨርቅ ላይ አኖረው። "እንዴት ያለ ንጹሕ ዕቃ ነው" አለ ኢድሪስ። ምንዋጋው ደረቱ ሰፋ።

ዘበነ አንሥቶ ጆሮው ሥር አሽከረከረው። በብረት ብዮቹ መሀል አሸዋ ክርክር አለ። ቤንዚን ውስጥ ነክሮ አጠበውና እንደገና አሽከረከረው፤ አሁንም ክርክር። አሸዋው ብረቱን በልቶታል። ምንዋጋውም ሰማ፤ መካኒክ ነውና በገዛ እጁ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው። አሁን ያዋርደኛል ብሎ አንገቱን ደፋ።

ዘበነ ኩሽኔታውን በጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ መለሰለት።

"ጋሼ፣ ዕቃዎ ደህና ነው። ልኩ ብቻ ለዚህች አልሆነም። ሌላ ካለዎት አብረን እንፈልግ።"

ምንዋጋው ቤቱ ሲገባ ይታየሽ ፊቱን አየችና "ሰደበህ እንዴ?" አለችው።

"ምነው በሰደበኝ።"

ቢሰድበው እስኪሞት ይጠላው ነበር፤ ያም ዕረፍት ነው። እሱ በዘበነ ቦታ ቢሆን የሰውየውን ስሕተት ለገበያው ሁሉ ያወራ ነበር፤ ይህን ከራሱ አይደብቅም። ብሎን ማጠብ ይለመዳል። ይህኛውን ግን ከየት ያመጣዋል? እንደዚያን ዕለት በዘበነ ቀንቶ አያውቅም።