አሥራ አራተኛው ሰከንድ

«መልሰው! ኧረ ከመስታወቱ ጀምረህ መልሰው!» አለች ዶሬታ ከፕላስቲክ ወንበሯ ብድግ ብላ።

ሬይመንድ ስልኩን ከሳሙና ውሃው ጠርሙስ ጋር አስደግፎት ነበር። ቀኝ ክርኑ ስለማይታጠፍ በግራ አውራ ጣቱ ቪዲዮውን ወደ ኋላ ጎተተው። ሦስቱም እንደገና አንገታቸውን አሰገጉ፤ የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳው ዶሬታ፣ ሬይመንድ፣ እንዲሁም ከፖሊስ ሥራ ጡረታ ከወጣ ስምንት ዓመት የሆነው ሳጅን ሆባርት።

የመኪና መስታወት በጥቁር ላስቲክ የሚያለብሰው ሌንደል ብቻ አላየም። የዶሬታ መኪና ውስጥ ተጣጥፎ ገብቶ በጎማ መጥረጊያው ከጥቁሩ ላስቲክ ሥር ውሃ እየገፋ ያወጣ ነበር። ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ በሦስቱ ቀናት ውስጥ ድምፁን በቃሉ ሸምድዶታል። መጀመሪያ መስታወት ሲንኳኳ። ከዚያ የወጣቱ ፖሊስ ጩኸት፤ «መስታወቱን አውርድ! እጅህ አይታየኝም! እጅህ አይታየኝም አልኩህ!» ከዚያ መስታወቱ በዱላ ተመትቶ ሲረግፍ።

«ኬሻን ዱፕሪን!» አለች ዶሬታ። «አምና ለዚህች ከተማ ዋንጫ ያመጣውን ልጅ፣ አስፋልት ላይ እንደ ሌባ! ካቴና ገብቶለት፣ በደረቱ ተኝቶ፣ ጎኑን በጫማ! አየኸው አይደል ሳጅን? ወይስ ጡረታ ሲያስወጡህ ዓይንህንም ተረከቡህ?»

ሆባርት የለስላሳውን ጣሳ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «አየሁት። እርግጫው ልክ ነው አልወጣኝም። ግን ፍጥነቱ በአርባ አምስት ማይል በተገደበ መንገድ ላይ ሰባ አንድ እየነዳ ነበር። አንቺ አውቶቡስሽን በሰባ አንድ ብትነጂው መንጃ ፈቃድ ይኖርሻል?»

«መንጃ ፈቃድም ሥራም አይኖረኝም። ግን ተኝቼ አልረገጥም።»

«እሱስ ምን ሆነ? በሁለት ሰዓት ውስጥ ተፈታ። ማታውኑ የፖሊስ አዛዡ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀው። ለአንቺ ማን ይደውልልሻል? ለዚህ ሰውስ ማን ደወለለት?» ብሎ የሬይመንድን ክንድ በአገጩ አመለከተ።

«እኔን አታስገባኝ» አለ ሬይመንድ።

ሬይመንድ የሌንደል ታላቅ ወንድም ነው። የሆባርትንና የሬይመንድን ጓደኝነት የሚያውቅ ሁሉ የዚያ ክንድ ነገር በመካከላቸው እንደማይነሳ ያውቃል። ሆባርትም አውቆ ነው ያነሳው፤ ክርክር ሲጠብበት እንዲህ ያደርጋል።

«ያ ፖሊስ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥቁር መስታወት ፊት ቆሟል። ውስጥ ያለው ሰው ስልክ ይያዝ ሽጉጥ አያውቅም። አንዴ ዝቅ አድርጎለት መልሶ ዘጋበት እኮ! ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ቆሜያለሁ፤ እንደዚያ መስታወት የሚያስፈራ ነገር የለም። እጁን ቢያየው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«የዱፕሪ ጠበቃ መስታወቱ ሕጋዊ ነው ብላለች፤ በቴሌቪዥን ሰምቻታለሁ። ሕጋዊ ከሆነ እጁ ይታያል። እጁ ከታየ ፖሊሱ ዋሽቷል። አለቀ!» ዶሬታ ወደ መኪናዋ ዞረች። «ደግሞ ምን ያከራክረናል፤ የሠራው ሰውዬ እዚህ የለ እንዴ? ሌንደል! ንገረው እስቲ!»

ሌንደል መጥረጊያውን እንደያዘ ቀረ።

ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ ፎቶው ተሰቅሏል። ዱፕሪ ረጅም ክንዱን የሌንደል ትከሻ ላይ ጥሎ ይስቃል፤ ከኋላቸው ጥቁሩ መኪና ያብረቀርቃል። ፎቶው ከተሰቀለ ወዲህ ቤቱ ወረፋ አጥቶ አያውቅም። የፍሎሪዳ ሕግ የፊት በሮች መስታወት ከመቶ እጅ ብርሃን ቢያንስ ሃያ ስምንቱን ማሳለፍ አለበት ይላል። ሌንደል ለዱፕሪ የለጠፈው አምስት የሚያሳልፈውን ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ግድግዳ ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ የሚለጥፋትን ትንሽ ወረቀት ለጠፈ፤ የቤቱን ስምና የላስቲኩን ቁጥር የያዘችውን፣ «ካርትራይት ቲንት፣ 28» የምትለውን። ያን ቀን ምንም አልመሰለውም። ከቅዳሜ ወዲህ ግን ያቺ ወረቀት ከዓይኑ አልጠፋችም።

«ልጨርስልሽ» ብሎ ብቻ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ነጭ መኪና ደጁ ላይ ቆመና ግራጫ ሱፍ የለበሰች ሴት ወረደች። ትናንት ደውላለት ነበር፤ የዱፕሪ ጠበቃ ናት፤ ስሟ ፌርቻይልድ ይባላል።

«አቶ ካርትራይት፣ ሁለት ደቂቃ ነው የምወስድብዎት። ለብቻችን የምንሆንበት ቦታ ይኖራል?»

ቦታ አልነበረም። ቤቱ አንድ ጋራዥ ነው፤ ጥጉ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ለሆባርት ፒክአፕ የተቆረጠው ላስቲክ ተዘርግቷል። የፒክአፑ አሮጌ ላስቲክ በፀሐይ አረፋ ስላወጣ ሆባርት ሊያስቀይር መጥቶ ተራውን እየጠበቀ ነው።

«እዚህ ሁላችንም ቤተሰብ ነን የኔ እመቤት» አለች ዶሬታ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ። «እኛ እንዳለን አይቁጠሩን።»

ጠበቃዋ ፈገግ ብላ አንድ ገጽ ወረቀት አወጣች። «ቃለ መሐላ ነው። በአቶ ዱፕሪ መኪና የፊት መስታወቶች ላይ የለጠፉት ላስቲክ ሃያ ስምንት በመቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው ይላል። ከታች ይፈርማሉ፤ በቃ።»

«መኪናውን ራሱን ለምን አትለኩትም?»

«የሾፌሩ በኩል እንደሚያውቁት ረግፏል። የቀረውን የአቶ ዱፕሪ ሰዎች ቅዳሜ ማታ ልጠውታል። ያለን በበሩ ላይ ያለችው ወረቀትና የእርስዎ ቃል ነው።»

ሕጋዊ ላስቲክ ማግሥቱን እንኳ ሳይጠብቅ ማታውኑ የሚልጥ ማን ነው? ሌንደል ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። ታውቃለች። ወረቀቱን የጻፈችው እያወቀች ነው።

«ባልፈርምስ?»

«ማንም አያስገድድዎትም።» እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠች። «ግን በሩ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው። ቁጥሩ ሃያ ስምንት ካልሆነ ቀጣዩ ጥያቄ የሚመጣው ወደዚህ ቤት ነው። ዳኞቹም አንዴ ሕገ ወጥ የሚል ቃል ከሰሙ እርግጫውን አያዩትም። ያ ፖሊስ ነገ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሌላ ሰው ያስቆማል። ይህን እንዲያስቡበት ነው።»

ጨዋ ድምፅ ነበራት፤ የተናገረችውም ሁሉ እውነት ነበር። ሌንደልን ያስፈራው ይኼ ነው።

«ፈርምላት እንጂ ምን ታስባለህ?» አለች ዶሬታ።

«አምስት ነው» አለ ሌንደል።

«ምኑ?»

«የለጠፍኩለት። አምስት ቁጥር ነው።»

ሆባርት ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ተነሳ። ፊቱ ላይ የወጣውን ደስታ ለመደበቅ አልሞከረም። «አላልኳችሁም? አላልኩም? ልጁ አይታየኝም ያለው ስለማይታየው ነው!»

ዶሬታ ግን ሆባርትን አልሰማችውም። ሌንደልን እያየች መኪናዋን በእጇ ጠቆመች። «የእኔንስ? የእኔን የፊቱን ስንት አደረግከው?»

«ሃያ ስምንት።»

«እኔም እኮ ጨለም አድርግልኝ ብዬህ ነበር። አይሆንም አልከኝ።»

«አንቺን ያስቆሙሻል ዶሬታ።»

ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የተናገረው የገባው። ዶሬታ የጠቆመችበትን እጇን አወረደች። ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው፤ አለመስደቧ ነው ሌንደልን የቆጨው፤ ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

ለእሷ ሕጉን፣ ለዱፕሪ ፎቶውን ብሎ ሠራ። ፖሊስ ማንን እንደሚያስቆምና ማንን እንደሚያልፍ በልቡ ደልድሎ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ድልድሉ ተሳሳተ፤ ሰዉን ያስደነገጠው እርግጫው ነው፤ እሱን የገረመው ግን ይህ ነበር። አፈረ።

«ክላይድን ታስታውሰዋለህ?» አለ ሬይመንድ በድንገት።

ሌንደል ያስታውሰዋል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሬይመንድ ግንበኛ ነበር፤ ፖሊሶች የኋላ መብራትህ አይበራም ብለው አስቆሙት። መብራቱን መካኒኩ ክላይድ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር የቀየረለት። ይበራል ብሎ ስለተከራከረ ክንዱን ጠምዝዘው ከክርኑ ሰበሩት። ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም። መብራቱ መቀየሩን የሚመሰክር ክላይድ ግን ነበር። ፍርድ ቤት ቆሞ «አላስታውስም» አለ።

«አሥር ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊቴ ይቀመጥ ነበር» አለ ሬይመንድ። «ማጅራቱን ነበር የማየው። ፖሊሶቹን ረስቼያቸዋለሁ፤ መልካቸውም ጠፍቶኛል። ያን ማጅራት አልረሳውም።»

«ሬይ፣ ይሄ ሌላ ነው» አለ ሌንደል። «እውነቱን ብናገር ለእነሱ ነው የምናገርላቸው። ልጁን የረገጡት እነሱ ናቸው!»

«እኔ መች ተናገር አልኩህ? ስለ ክላይድ ነው ያወራሁት።»

ጠበቃዋ ሰዓቷን አየች። ሌንደል ስልኩን ከጠርሙሱ አንስቶ ቪዲዮውን ከፈተ፤ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ በዓይኑ ብቻ አየው። ዱላው መስታወቱ ላይ ሲያርፍ በጣቱ አቆመው። ታች ጥጉ ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ። ከዚያ ትንሽ አስኬደው፤ እንደገና አቆመው።

«ሳጅን፣ ና እስቲ ወዲህ። ይሄ ምንድን ነው?»

ሆባርት መነጽሩን አደረገ። «እጅ።»

«ስንት እጅ?»

«ሁለት።»

«ምን ይዘዋል?»

ሆባርት ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። «ምንም።»

«አሥራ አራተኛው ሰከንድ ላይ መስታወቱ ረገፈ። አሥራ ስድስተኛው ላይ ሁለት ባዶ እጅ ወደ ላይ ተነስቷል፤ በደንብ ይታያል። የረገጠው ስንተኛው ላይ ነው? ሠላሳ አንደኛው ላይ! በመሀሉ የትኛው ላስቲክ ነው የጋረደው?» ስልኩን መልሶ አስቀመጠው። «የእኔ ጥፋት እስከ አሥራ አራት ነው። እሱን እወስዳለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ አይደለም፤ የመስታወቱም አይደለም።»

የጠበቃዋን እስክሪብቶ አንስቶ ወረቀቱ ላይ ሃያ ስምንትን ሰረዘና ከላዩ አምስት ብሎ ጻፈ። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል አንድ መስመር ጨመረ፤ መስታወቱ የተሰበረው በአሥራ አራተኛው ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ መስታወት አልነበረም። ፈረመና ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው።

ጠበቃዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይህን ላልጠቀምበት እችላለሁ፤ ያውቃሉ?»

«ያ የእርስዎ ሥራ ነው። ማንም ቢጠራኝ ግን ይህንኑ ነው የምናገረው። ፖሊሶቹም ቢጠሩኝ።»

«ይህ ቤት ሊዘጋ ይችላል አቶ ካርትራይት።»

«አውቃለሁ።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ አልቀደደችውም። ስትወጣ የግድግዳውን ፎቶ አንዴ አየት አደረገችው፤ ከዚያ መኪናዋ ተነስቶ ሄደ።

ዶሬታ ተነስታ የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ወሰደች። «ሰፈሩ ሲሰማ ምን እንደሚልህ ታውቃለህ?» አለችው። «ከፖሊስ ጋር ወገነ ነው የሚሉህ። አሥራ አራት፣ አሥራ ስድስት ብለህ የምታስረዳው ሰው አታገኝም።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ ገና ተናድጃለሁ» ብላ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች። «ሐሙስ የእህቴን መኪና አመጣልሃለሁ። ሃያ ስምንት።»

ሆባርት ሞቅ ብሎት የሌንደልን ጀርባ መታ መታ አደረገው። «ስለ እርግጫው እንነጋገርበታለን፤ ግን እውነተኛ ሰው እንደሆንክ ድሮም አውቃለሁ። በል እስቲ አሁን የእኔን ጀምር፤ ፀሐዩ ሳይበረታ።»

ሌንደል ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን አምስት ቁጥር ላስቲክ ጠቅልሎ መደርደሪያው አናት ላይ ወረወረው። ከታችኛው ረድፍ ሌላ ጥቅል ስቦ አወጣና የላስቲክ መቁረጫውን አነሳ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ሆባርት።

«ሃያ ስምንት።»

«ለእኔ?» ሆባርት ሳቀ። «አራት ዓመት ሙሉ በአምስቱ ነድቻለሁ እኮ! እኔን ማን ያስቆመኛል? ሁሉም ያውቁኛል።»

ማንም አብሮት አልሳቀም። ሬይመንድ የማይታጠፈውን ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ያየው ነበር። የሆባርት ሳቅ ለብቻው ትንሽ ቆየና ጠፋ።

«ሌንደል፣ የምርህን ነው?»

ሌንደል የሳሙና ውሃውን ጠርሙስ ይዞ ወደ ደጅ ወጣና የፒክአፑን የሾፌር በር ከፈተው። ላስቲኩን ከመንካቱ በፊት በበሩ ጠርዝ ላይ ጎንበስ አለ። ከአራት ዓመት በፊት በገዛ እጁ የለጠፋትን፣ ስሙና ሃያ ስምንት የሚል ቁጥር ያለባትን ትንሽ ወረቀት በጥፍሩ ከጥጓ ይዞ መላጥ ጀመረ።